ከአያት እስከ እስጢፋኖስ፣ በጆሮ

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከአያት አደባባይ ወደ መሪ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚራመዱትን ሰዎች ልብ ብላችሁ እዩ። አብዛኞቻችን ጡረተኞች ነን። ስኳር ያለበት አለ፣ ደም ግፊት ያለበት አለ፣ ጉልበቱን የሚያመው አለ፤ ሁላችንንም ሐኪም "ተራመዱ" ብሎ ነው ከአልጋ ያስነሣን። የብዙዎቻችን ጆሮ ላይ ማዳመጫ ተሰክቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት መዝሙርና ስብከት ነበር የሚሰማው፤ አሁንም አልቀረም። ነገር ግን ሰላምታ ስንለዋወጥ "ዛሬ ምን ላይ ደረሳችሁ?" መባባል ጀምረናል። አንድ የቀድሞ የሒሳብ ሠራተኛ የሆኑ ጎረቤታችን ባለፈው ሰሞን በአጠገቤ ሲያልፉ፣ እግራቸውን ሳያቆሙ፣ "ልጅ ኢያሱን ዛሬ ሊያወርዷቸው ነው" ብለውኝ ሄዱ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሐዘን ነገሩ በ1909 ዓ.ም. ያለቀ አይመስልም ነበር።

እኔ አያት ሰፈር የምኖር አያት ነኝ። (ይህ ቀልድ የልጅ ልጆቼን ከሰለቻቸው ቆይቷል።) በነርስነት ከ30 ዓመት በላይ አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ታሪክ፣ ፖለቲካና ስለ ገንዘብ የሚያወሩ መጻሕፍትን በጆሮ ወደመስማት የገባሁት ደግሞ በራሴ ፍላጎት አይደለም፤ በባለቤቴ ዓይን ምክንያት ነው።

ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ፣ ጋዜጣ በእርሳስ እያሰመረ የሚያነብ ሰው ነው። ግላኮማ የዓይኑን ብርሃን ከዳር ወደ መሀል እያጠበበ ወሰደበት። የሙያዬ ነገር ስለሆነ እግረ መንገዴን ልናገር። ዕድሜው የገፋ ሰው ዓይን ሲደክም ሁላችንም "ሞራ ነው" እንላለን። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፣ ብርሃንም ይመለሳል። ግላኮማ ሌላ ነው። የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፣ ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም፣ የወሰደውንም አይመልስም። በጠብታ፣ በሌዘር ወይም በቀዶ ሕክምና የሚቻለው የቀረውን ማቆየት ነው። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ ግላኮማ ያለበት ሰው ከሌላው ይበልጥ ተጋላጭ ነውና 40 ዓመት ሲሞላው ምንም ሳያመው ይመርመር። የእኛ ልጆች ሦስቱም ተመርምረዋል፤ እናንተም ልጆቻችሁን ላኩ።

"ላንብብልህ" ስለው እንቢ ይለኝ ነበር። "እኔ የአንቺ በሽተኛ አይደለሁም" ነው መልሱ። አንዴ እንዲያውም የከፈትኩትን ጋዜጣ ከእጄ ወስዶ አጥፎ ከትራሱ ሥር ከተተው። ከስልክ የሚመጣ፣ መልኩን የማያውቀው ሰው ድምፅ ሲሆን ግን ሳያንገራግር ተቀበለው። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፤ ኋላ ገባኝ። ሚስት ስታነብ ውለታ ነው፤ ሬዲዮ ግን ውለታ አይውልባችሁም።

ደግሞስ የእኛ ዘመን ሰው መጽሐፍን በጆሮ መቀበል መቼ ቸገረው? በኢትዮጵያ ሬዲዮ "ከመጻሕፍት ዓለም" አይደለም እንዴ ያደግነው? ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" ሲተርክ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ስንት ሰው ይሰበሰብ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ዛሬም መጽሐፉን ስገልጠው የማነበው በእኔ ድምፅ ሳይሆን በእሱ ነው። ኋላ ደግሞ እሸቴ አሰፋ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 "መቆያ" ላይ የዓለምን ታሪክ እየተረከ ብዙ ሰው አስለመደ። እኔ የማውቃቸው አንዳንድ የታክሲ ሾፌሮች ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚያውቁት ከብዙ ተማሪ ይበልጣል፤ ምንጫቸው ይኸው ነው።

በልብ ወለድና በታሪክ መካከል ግን አንድ ልዩነት አለ። ልብ ወለድ የሚተርክ ሰው ቢያለቅስም፣ ቢቆጣም፣ ቢስቅም መብቱ ነው፤ እንዲያውም ካላደረገው ቅር ይለናል። ታሪክ ወይም የአንድ ባለሥልጣን ትዝታ ሲነበብ ግን የተራኪው ድምፅ ሚዛኑን በጣቱ እንደሚጫን ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ያው ዓረፍተ ነገር በሚያምር፣ በሚያሳዝን ድምፅ ሲነበብ እውነት ይመስላል። ከበሮና ዋሽንት ሲገባበት ደግሞ ጭራሽ ይባስ። በወረቀት ላይ ቢሆን ባለቤቴ በእርሳሱ የጥያቄ ምልክት ያደርግበት ነበር። ጆሮ ኅዳግ የለውም።

ሌላው ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መጽሐፍ የሚያነብ ተራኪ "እ.ኤ.አ." የሚለውን ዘሎ "በ1974 ንጉሡ ከሥልጣን ወረዱ" ብሎ ያልፋል። ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. መሆኑን እኛ እናውቃለን፤ ሌሊቱን ሙሉ ሬዲዮ ከፍተን ያደርን ሰዎች ነን። የ16 ዓመቷ የልጅ ልጃችን ግን በምን ታውቃለች? ሰባት ዓመት በአንዲት ቃል ይጠፋል። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ አንድ ደብተር አለ፤ ባለቤቴ "አቁሚው" ሲል አቆመዋለሁ፣ ዓመተ ምሕረቱን ተናግሮ ያጽፈኛል።

ስለ ባለመብቶቹም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ደራሲው ሳይጠየቅ ከዳር እስከ ዳር ተነብበው የሚለቀቁ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት እሱ በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። አንድ ሰው ዕድሜውን ፈጅቶ የጻፈውን በነፃ ሰምተን "እንዴት ያለ መጽሐፍ ነው!" ማለት ብቻውን ደስ አይልም። እኛ ቤት የወደድነውን መጽሐፍ ሰምተን ስንጨርስ እንገዛዋለን። ባለቤቴ ባያየውም መደርደሪያው ላይ እጁን ያሳርፍበታል።

በወር አንድ ቀን ለዓይን ክትትል ከአያት በባቡር እንሄዳለን። ይህ መስመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደው፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ነው። ባቡሩ ቶሎ የሚመጣበት ቀን አለ፣ የሚያስጠብቅበትም ቀን አለ፤ መነሻው እኛ ዘንድ ስለሆነ ግን መቀመጫ አናጣም። ከአንዱ ማዳመጫ አንዱ ጫፍ በእሱ ቀኝ ጆሮ፣ ሌላው በእኔ ግራ ጆሮ ይገባል። ወጣቶቹ እያዩን ይሳሳቃሉ። መስኮቱ የእኔ ነው፤ የት እንደደረስን እኔ እነግረዋለሁ፣ ስለ ስሙ እሱ ይነግረኛል። ሲኤምሲ የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ስም ነው፤ ኩባንያው ሄደ፣ ሦስቱ ፊደላት ሰፈር ሆነው ቀሩ። ጉርድ ሾላ ላይ ሾላውን የቆረጠው ማን ይሆን ብለን እንከራከራለን። መገናኛ ስንደርስ ግፊያው ስለሚበዛ መጽሐፉን እናቆመዋለን፤ ስልክም ቦርሳም በጉያ ይገባል። ከዚያ ሌም ሆቴል፣ ሃያ ሁለት፣ ዑራኤል፣ ባምቢስ እያልን እስጢፋኖስ እንወርዳለን። ከአያት እስጢፋኖስ ብዙ ጊዜ አንድ ምዕራፍ ያህል ነው። ዝናብ ሲሆን አንድ ተኩል።

በዚህ መንገድ ላይ ለመስማት የሚመቸው የገንዘብ ነገር ነው፤ ምክንያቱም መስኮቱ ሁሉ ባንክ ነው። ከመገናኛ እስከ ዑራኤል፣ ከዚያም በቦሌ መንገድ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ፣ ከሥሩ የባንክ ቅርንጫፍ የሌለው ፎቅ ማግኘት ይቸግራል። በጆሮዬ አንድ አሜሪካዊ ጸሐፊ በአማርኛ ተተርጉሞ ቤት በብድር ገዝተህ አከራይ፣ በኪራዩ ዕዳህን ክፈል፣ ተኝተህ ብላ ይለኛል። በመስኮት የማየው ደግሞ የእኛን ኑሮ ነው። ጎረቤቶቼ ቤት ያገኙት በ20/80 ቆጥበው ዕጣ ሲጠብቁ ልጆቻቸው አድገው ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ስሙ፣ ጉዳት የለውም፤ ግን የሌላ አገር ሐኪም የሌላ አገር በሽተኛን አይቶ የጻፈው ማዘዣ መሆኑን አትርሱ። መድኃኒቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ መጠኑ ግን ለእናንተ አልተለካም። የጡረታ ገንዘቡን በአንድ የሚያምር ድምፅ ምክር አውጥቶ የከሰረ ሰው አውቃለሁ። ድምፁ አሁንም ይናገራል፤ ሰውየው ነው ዝም ያለው።

ባለቤቴ የሚወደው ሌላ ዓይነቱን ነው፤ የራሳችንን የገንዘብ ታሪክ። አንድ ዶላር 2 ብር ከ07 ሳንቲም የነበረበትን ዘመን ሠርተን ኖረናል። በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ሲሆን ሰማይ የተደፋ መስሎን ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የእኛ ጡረታ በብር ነው፤ የእሱ የዓይን ጠብታ ግን ከውጭ የሚመጣ ነው። ስለዚህ "ምንዛሪ" የሚለው ቃል ለእኛ ቤት የምሁራን ወሬ አይደለም፤ በየወሩ ፋርማሲ መስኮት ላይ የምናገኘው ነው። ጠብታ የሚያቆሙ አረጋውያን አሉ። እባካችሁ ልጆች፣ የወላጆቻችሁን የጠብታ ብልቃጥ አንሥታችሁ ተመልከቱ፤ ባዶ ሆኖ መስኮት ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ወላጅ "አልቋል" አይልም።

በድምፅ ያላገኘነውን መጽሐፍ የልጅ ልጃችን ትቀዳለታለች። አሁን የያዙት የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" ነው። ገብረ ሕይወት በጀርመንና በኦስትሪያ የተማረ፣ የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ ሞተ፤ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲገበያይ እየደኸየ እንደሚሄድ ያን ጊዜ ጽፏል። ልጅቷ አማርኛው እየጠጠረባት ትቆማለች፤ "አባባ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?" ትላለች፤ እሱ ያብራራል፤ ያ ሁሉ ተቀድቶ ይቀራል። ከመጽሐፉ ይልቅ እኔ የምወደው እሱን ነው። ያስተማረበት ድምፁ ተመልሷል። "በሽተኛሽ አይደለሁም" ያለው ሰው ለሷ በሽተኛ አልሆነም፤ መምህር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

የደርግን ዘመን የመሩ ሰዎች ትዝታቸውን ጽፈዋል። የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም "ትግላችን"፣ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ "እኛና አብዮቱ"፣ የፍሥሐ ደስታ "አብዮቱና ትዝታዬ" አሉ። ከሌላው ወገን ደግሞ የክፍሉ ታደሰ "ያ ትውልድ"፣ የሕይወት ተፈራ "ማማ በሰማይ" አሉ። ባለቤቴ የአንዱን ባለሥልጣን ትዝታ መስማት ፈለገ። እኔ አልፈለግሁም። ታላቅ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። እናቴ እስክትሞት ድረስ ማታ ማታ አንድ ሳህን ትርፍ ታቀርብ ነበር። እኔና እሱ በትዳር ከ40 ዓመት በላይ ስንኖር ስለዚያ ዓመት ተነጋግረን አናውቅም።

"ያልሽው ይሁን፣ ግን የጀመርነውን ሰው እስከ መጨረሻው እንስማው" አለኝ። ተናደድኩ። ኋላ ግን የራሴ ሙያ ከእሱ ጋር ወገነ። በሽተኛ ስለ ሕመሙ ሲናገር አታቋርጭውም፤ የማታምኚውንም ቢናገር ትሰሚዋለሽ። ከዚያ ግን በእጅሽ ሆዱን ትዳስሻለሽ። ሁለት ነገር ጠይቄ ተስማማሁ። አንደኛ፣ ማዳመጫ አይሰካም፤ ድምፁ ለቤቱ ሁሉ ክፍት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ምዕራፍ በኋላ ቆሞ የተሰማው ሁሉ ይነገራል። እሱ ካለቀ በኋላ የሌላው ወገን ይቀጥላል።

ድምፁን ክፍት ማድረጋችን ያመጣውን አላሰብነውም። የልጅ ልጃችን ከክፍሏ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። "ይሄን እኮ አውቀዋለሁ" አለች፤ ስለ ቀይ ሽብር የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ስልኳ ላይ አይታለች። አሳየችን። ከበሮ ይመታል፣ አንድ ጎርናና ድምፅ ያስፈራራል፣ ፎቶዎች እየተገለባበጡ ያልፋሉ። "ልክ እንደ ፊልም ነው" አለች። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣ "እማማ፣ አንቺ ግን ያኔ የት ነበርሽ?" አለችኝ።

ወንድሜን የማያውቅ ሰው፣ ከበሮ እያስመታ፣ ለልጅ ልጄ ስለ ወንድሜ ዘመን ቀድሞኝ ነግሯታል። እኔ ዝም ያልኩት ልጆቹን ላለማሳዘን ነበር። ዝምታው ግን ባዶ ቦታ ነበር፣ ሌላ ድምፅ ገብቶበታል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለታችን በባቡር ወጣን። እስጢፋኖስ ወርደን በመስቀል አደባባይ በኩል የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ገባን። ሙዚየሙ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ፣ የቦሌ መንገድ መነሻ ላይ ያለ ነው፤ ወደ ቦሌ ስትሄዱ ሺህ ጊዜ አልፋችሁታል። በሩ ላይ ማዳመጫዋን እንድታወጣ ጠየቅኋት። በግድግዳው ላይ በየረድፉ የተሰቀሉ ፎቶግራፎች አሉ፤ አብዛኞቹ ከእሷ ብዙ የማይበልጡ ልጆች ናቸው። አጥንቱና ልብሱ ያለበት ቦታ ስንደርስ እጄን ያዘች። ተራኪ የለም፣ ከበሮ የለም። የወንድሜ ፎቶ እዚያ የለም፤ ከእኔ ቦርሳ አውጥቼ አሳየኋት።

ስንወጣ ወደ ኦሎምፒያ በእግር ወረድን። በዚያ በውስጥ መንገድ የቀሩ ጥቂት አሮጌ ቪላዎች አሉ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲቀርለት የተወሰነበትን አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 47ን፣ ነገርኳት። "ወንድምሽ ደግፎት ነበር?" አለችኝ። ደግፎት ነበር፤ ጨፍሮ ነው የገባው። አባታችን ደግሞ የሚያከራያት አንዲት ክፍል ነበረችውና ለሦስት ቀን ከእሱ ጋር አልተነጋገረም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚናገር ትዝታ እስካሁን አልሰማሁም፤ ትዝታ የሚጽፉት የአዋጁ ባለቤቶች ናቸው።

አንድ ቡና ቤት ተቀመጥን። ስልኳን በሁለቱ ስኒዎች መካከል አስቀመጠችና ቀይ ነገር ነካች። "በይ ከመጀመሪያው" አለችኝ። ስለ ሒሳብ ጉብዝናው፣ ስለ ተረከዙ ስላለቀ ጫማው፣ ከአባቴ ጋር በሬዲዮ ዜና ስለሚከራከሩት፣ ስለዚያች ጠዋት ተናገርኩ። ከኋላ የስኒ ኳኳታና የቦሌ መንገድ ጥሩምባ ይሰማል። 11 ደቂቃ ነው።

ማታ ባለቤቴ ሰማው። ምንም አላለም፤ እንደገና አስከፈተ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰማ ፍጥነቱን እንድትቀንስለት ልጅቷን ጠየቃት፤ "አያትሽ ሲጨንቃት ትፈጥናለች" አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ያን ቀን የለበሰውን አልተናገርሽም" አለኝ። ሰማያዊ ሹራብ ነበር። ደብተሩ ላይ ጻፍኩት።

ልጅቷ ቅጂውን ከነጋድራሱ ጎን አስቀምጣ "ክፍል አንድ" ብላዋለች። ክፍል ሁለት የአባባ ነው ትላለች፤ በ1970 እሱ የት እንደነበረ ልትጠይቀው ነው። "መጀመሪያ ገብረ ሕይወትን እንጨርስ" ብሏታል። ሁለት ምዕራፍ ነው የቀራቸው። ሰሞኑን ደግሞ እሱ ራሱ ነው "ዛሬ አናነብም እንዴ?" እያለ የሚጠራት።